ያጠበቅኳቸው አራት ብሎኖች

የጋሽ ተሰማን ማፏጫ ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኤሌክትሪክ ጋር ሳገናኘው፣ ድምፁም መብራቱም ሳይመጣ ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው፤ የሞቀ አቧራ፣ ያረጀ ቫርኒሽ፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ቀስ ብሎ የሚለሰልስ ሰም። ባለቤቴ ይፈነዳል ብሎ ኮሪደሩ ላይ ቆጣሪው ስር ቆሟል፤ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ "ልዝጋው?" እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። እኔን ግን አፍንጫዬ ይዞኝ ሄዷል። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ሽታ ማለት አየር ላይ የሚንሳፈፍ ቅንጣት መሆኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ ለስንት ዓመት ሙሉ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ያ ቅንጣት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አድርጎ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ መልሶ እንደሚያስቀምጠኝ ግን መጽሐፉ ላይ አልነበረም።

ማፏጫ የምለው መሣሪያ ትክክለኛ ስሙ ሲግናል ጄኔሬተር ነው። ማፏጫ ያለው ራሱ የደብረ ብርሃኑ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሽ ተሰማ ነው፤ ሥራውም ከስሙ አይርቅም። በአየር ላይ በሚመጣው ጣቢያ ፋንታ ራሱ ትንሽ ጣቢያ ሆኖ፣ ዘፈንም ዜናም የሌለው አንድ ቀጭን ፉጨት ያወጣል፤ ሬዲዮ ጠጋኙ ያንን ፉጨት ሲሻው ያጎላዋል፣ ሲሻው የትንኝ ድምፅ እስኪያህል ያደክመዋል፣ ሬዲዮኑ ደካማውን ፉጨት አጥርቶ እስኪሰማ ድረስም ውስጡን እየነካካ ያስተካክለዋል። ጋሽ ተሰማ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሱቁ ለመንገድ ማስፊያ ሲፈርስ ልጁ "ቆራሌ ከሚወስደው አንቺ ውሰጂው" ብላ ላከችልኝ። ክብደቱ የአንድ ጠቦት ያህላል። የሚሠራው በእኛ ኤሌክትሪክ ግማሽ ጉልበት ስለሆነ ትራንስፎርመር አበጀሁለት፤ ያበጡ ኮንደንሰሮቹን ለወጥኩለት፤ የቁጥር ሰሌዳው ከእርጅና የተነሳ ስለሚዋሽ፣ እውነተኛውን ቁጥር የሚያነብ መዳፍ የማያህል ዲጂታል ቆጣሪ ጎኑ ላይ አሰርኩለት። ይህ ሁሉ ድካም ትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ውስጥ ተጥሎ የኖረ አንድ የእንጨት ሬዲዮ ቱነር ለማስተካከል ነው። ባለቤቴ "ስልክሽ ላይ የዓለም ሬዲዮ ሁሉ አለልሽ" ይለኛል፤ እውነቱን ነው፤ ቢሆንም እኔ ለዚህ ሥራ የቆየ ዕዳ አለብኝ።

ስለ ማስተካከል ከማወቄ በፊት የማውቀው ስለ ማጥበቅ ብቻ ነበር። ያደግኩት ጎረቤላ ነው፣ አንኮበር። አባቴ ግዛው የናፍጣ ወፍጮ ያስነሳ ነበር፤ ወፍጮው የሰው፣ ጩኸቱ የእኛ። ቤታችን ከሞተሩ በአንድ ግድግዳ ብቻ ስለሚለይ፣ ሞተሩ ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እየተንቀጠቀጡ ወደ ጫፉ ይሄዳሉ፣ እናቴም እንደ በግ እያገደች ወደ ቦታቸው ትመልሳቸዋለች። የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ ይላላል። ስለዚህ ሞተሩ ሲጠፋ ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው እየዞሩ ማጥበቅ የአባቴ የዘወትር ሥርዓት ነበር፤ እኔም የመጀመሪያ ልጁ ስለሆንኩ ካቻቢቴ የያዝኩት እስክሪብቶ ከመያዜ በፊት ነው። ብሎን መጀመሪያ ይሮጣል፣ ቀጥሎ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ ይነክሳል፤ እስኪነክስ ድረስ ነው የሚጠብቀው። የላላ ብሎን አይቶ ማለፍ በእኛ ቤት ከመዋሸት አይተናነስም ነበር።

ይህን ትምህርት ከወፍጮ ቤቱ አውጥቼ ለአገር ሁሉ አዳረስኩት። የመምህራችንን የወንበር እግር አጠበቅኩ፤ የጎረቤት በር ማጠፊያ አጥብቄ በሩ አልዘጋ ብሎ ሲያስቸግር አናጢ ተጠራ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከአሊዩ አምባ በርበሬ ይዞ የሚወጣ ነጋዴ ዕቃውን ለእኛ አደራ ብሎ ለሶላት ዞር ባለበት፣ ሚዛኑ ሲወዛወዝ አይቼ ብሎኑን እስኪነክስ አጠበቅኩለት፤ ሰውየው ያን ቀን ግማሽ ኪሎውም አንድ ኪሎውም እኩል እየሆነበት ሲገረም ዋለ። ጉዱን ሲደርስበት "ያ አላህ፣ ይቺን ልጅ ከሚዛኔ አርቅልኝ" አለ እንጂ አልተቆጣም። ሰው ሁሉ ይስቅልኝ ስለነበር ያ ሥራዬ ጥፋት ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አልታየኝም።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እትዬ አስካለ ይኖሩ ነበር። እህል ሊያስፈጭ የሚመጣ ሰው አህያውን የሚያስረው እሳቸው ግቢ ነው፤ የትኛው አህያ ከየትኛው አጠገብ ቢታሰር እንደሚራገጥ ያውቃሉ፣ ባለቤቱን የማያውቁትን ሰው እንኳ በአህያው ጠባይ ይጠሩታል። ባላቸው ቀደም ብሎ ሞቷል። ያላቸው አንድ ልጅ ደምሴ ነበር፤ ከቁመቱ የተነሳ ወደ ወፍጮ ቤት በገባ ቁጥር ግንባሩን ከጉበኑ የሚያጋጭ፣ ባጋጨ ቁጥርም በሩን "ይቅርታ" የሚል ሳቂታ ልጅ። እሱ ወደ ሰሜን ዘመተ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ደብዳቤው ቆመ፤ ከቆመም ሁለት ዓመት አለፈ። ሞቷል ብሎ ያረዳቸው የለም፣ አለ ብሎ ያበሰራቸውም የለም። ሰው ለእሳቸው ሲል ስሙን ከማንሳት ተቆጠበ፤ እሳቸው ደግሞ ስሙን የሚያነሳላቸው ሰው አጥተው ተጨነቁ።

ደምሴ ከመዝመቱ በፊት የገዛላቸው በቆዳ ልብስ የተሸፈነ የባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ ነበራቸው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እትዬ አስካለ አህዮቹን ትተው ወደ ቤት ይገቡና በሩን ይዘጋሉ፤ ልክ በዚያ ሰዓት አባቴ ሞተር ያስነሳል። የሚፈጭ እህል ካለ ይፈጫል፤ ከሌለም ድንጋዩን የሚያዞረውን ቺንጋ አውልቆ ሞተሩን ብቻውን ያስጮኸዋል። እናቴ "ናፍጣው ውሃ መሰለህ?" ብላ ታጉረመርማለች፤ አባቴ "ሞተር ካልሞቀ ይታመማል" ይላታል። እኔ ሞተር የሚታመም ፍጥረት መሆኑን አምኜ ኖርኩ። በኋላ ነው የተረዳሁት፦ በዚያ ሰዓት ከጦር ግንባሩ ወዲያ ማዶ የሚያሰራጨው ጣቢያ የተማረኩ ወታደሮችን ስም ከነአባታቸው ስም፣ ከነትውልድ ቦታቸው ያነብ ነበር። ያንን ጣቢያ ማዳመጥ ያሳስራል። ድምፁ በአጭር ሞገድ ከሩቅ ስለሚመጣ ቀጭን ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ የሚለቀቅ ማፈኛ ያጉረመርምበታል። የሞተሩ ጩኸት በደጅ የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማ ይሸፍናቸዋል፤ እሳቸው ግን ሬዲዮኑን ጋቢ ውስጥ ይዘው ጆሯቸውን እላዩ ላይ ይለጥፋሉ። እኔ ያን ጊዜ ከዚህ ሁሉ የማውቀው፣ እትዬ አስካለ ከቤት ሲወጡ ቀኝ ጆሯቸው ቀልቶ እንደሚወጣ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባትሪ ድንጋዩን እንድቀይርላቸው ጠሩኝ። ሳጥኑ ከጀርባው ተከፈተ፤ ውስጡን ሳየው ከተማ መሰለኝ። ከመካከሉ አራት ትንንሽ የቆርቆሮ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ ባለቀለም ብሎን፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ከኪሴ ትንሿን ካቻቢቴ አውጥቼ ጫፏን ቢጫው ላይ አሳረፍኩ፤ ምንም ሳይከብድ ዞረ። ነጩም ዞረ። አራቱም ላልተዋል። ይህን የመሰለ ዕቃ ሠርቶ ብሎኑን ሳያጠብቅ የላከ ፋብሪካ ምን ዓይነት ቸልተኛ ነው ብዬ እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩና አንድ በአንድ እስኪነክሱ አጠበቅኳቸው። ቀዩ መጨረሻ ላይ ቀጭ አለ፤ ነከሰ አልኩ። ክዳኑን ዘጋሁ፤ የሠሩትን በጎ ሥራ ማውራት ነውር ስለሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ቀን ማታ እትዬ አስካለ ሲወጡ ጆሯቸው አልቀላም ነበር። የአዲስ አበባው ጣቢያ ቅርብና ኃይለኛ ስለሆነ እየተንጫጫም ቢሆን ይሰማል፤ ሩቁ ጣቢያ ግን የለም። ማፈኛው በረታ ብለው አሰቡ። ማንን ይጠይቃሉ? ሊሰማ የማይፈቀድ ጣቢያ ጠፋብኝ አይባል። አምስት ቀን ሙሉ ባዶውን ጩኸት ሲያዳምጡ ቆይተው በስድስተኛው ቀን ለአባቴ ሹክ አሉት። አባቴ ክዳኑን ከፍቶ ብሎኖቹ ላይ ያለውን አዲስ ጭረት ሲያይ ወደ እኔ ዞረ።

"ማነው የከፈተው?"

"እኔ። ድንጋይ ልቀይር።"

"ሌላስ?"

"ላልተው ነበር። አጠበቅኳቸው።"

"እስኪነክስ?"

"እስኪነክስ።"

የገብስ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልመታኝም፤ የገዛ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ስለሰማ ነው መሰለኝ። ከዚያ ወደ እትዬ አስካለ ሄዶ "ዕቃው አርጅቶ ነው፤ ደብረ ብርሃን አሠርተነው እንመጣለን" አላቸው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ስለነበር እሱን እስክናገኝ ሁለት ቀን ተጨማሪ ሄደ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ ጉሙ ጎረቤላን እንደዋጣት፣ ሬዲዮኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በጭነት መኪና ሄድን።

የጋሽ ተሰማ ሱቅ ሦስት ሰው ከገባበት አራተኛው ደጅ የሚቆምበት ነበር። ስሙ ተሰማ ይሁን እንጂ ግራ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም፤ የከተማው ሰውም ይህን ቀልድ ሳይነግረው የሚያልፍ አልነበረም፤ እሱም እያንዳንዱን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማው አድርጎ ይስቅለት ነበር። የመበየጃ ካውያው ላይ ስታኞ ቀልጦ ይጨሳል፤ ጠረጴዛው ሙሉ ለሙሉ በዚያ ግራጫ ማፏጫ ተይዟል። መሣሪያው ከአንድ ወደ አገሩ ከተመለሰ የውጭ ሰው የተረፈ፣ የተሠራውም ለሌላ አገር ኤሌክትሪክና ለሌላ ሥራ ነበር፤ ጋሽ ተሰማ ግን ለራሱ እንዲመች አድርጎ አሰልጥኖታል። የቁጥር ሰሌዳው ያኔም ይዋሻል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባው ጣቢያ ጠዋት ሲከፍት የራሱን የሞገድ ቁጥር ስለሚናገር፣ ፉጨቱን አምጥቶ ጣቢያው ላይ ይጭንና ሁለቱ ድምፆች አንድ እስኪሆኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ መሣሪያው የዛሬ ውሸቱ ስንት እንደሆነ በእርሳስ ግድግዳው ላይ ይጽፋል። ጆሮውን ስለማያምን ደግሞ ከሞተ ቴፕ የነቀለውን፣ ድምፅ ሲበረታ ከፍ ሲደክም ዝቅ የሚል መርፌ ከሬዲዮኑ ስፒከር ጋር አያይዞታል፤ የሚሰማው በዓይኑ ነው።

"የትኛው ጣቢያ ነው የጠፋባችሁ?" አለ።

"ሁሉም" አለ አባቴ።

"ሁሉም ከሆነ ቀላል ነው። ሩቁ ከሆነ ነው የሚያስቸግረው።"

አባቴ ወደ ደጅ አየት አድርጎ፣ "እንግዲያው ሁሉም፤ ሩቁም ጭምር" አለ።

ጋሽ ተሰማ ተነሳና የሱቁን አንዱን መዝጊያ ዘጋ።

የቀዩ ብሎን ውስጡ ተሰንጥቆ ስለነበር ከሌላ የሞተ ሬዲዮ ነቅሎ ተካው። ከዚያ ማፏጫውን ከፍቶ ፉጨቱን ለቀቀበትና መርፌው ከታች ሆኖ ሲንቀጠቀጥ አሳየኝ። ብረት ከቀረበው ሬዲዮኑ ይረበሻል ብሎ ራሱ ከበሬ ቀንድ የጠረባት ካቻቢቴ ነበረችው፤ እሷን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "ያጠበቅሽው አንቺ፣ የምታላይውም አንቺ" አለኝ። ቢጫውን ወደ ኋላ አዞርኩት። መርፌው መውጣት ጀመረ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ምንም ሳላደርገው የወረደ መሰለኝ። "አለፍሽው፤ ተመለሺ" አለ። ተመለስኩ። በሁለቱ መካከል፣ በጠበቀውና በላላው መካከል፣ መርፌው ከፍ ብሎ የሚቆምበት የፀጉር ያህል ቦታ አለ። ጋሽ ተሰማ በጣቱ ጠቆመኝ፤ "አየሽ ልጄ፣ ፊትም ላልቶ አልነበረም። ልኩ ላይ ነበር።" ካቻቢቴ ከያዝኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቀኑ እስኪመሽ አራቱን ብሎኖች በየተራ ደጋግመን ዞርናቸው። መጨረሻ ላይ ጋሽ ተሰማ ማፏጫውን ወደ አጭሩ ሞገድ አዞረና ፉጨቱን አደከመው፤ እንደገና አደከመው፤ መርፌው ተኝቶ እኔ ብቻ ጆሮዬን ደቅኜ የምሰማው ያህል እስኪቀጥን። "አለ?" አለኝ። "አለ" አልኩት። "ይህን ከሰማ ያንንም ይሰማል" አለ፤ ያንን ያለው ምን እንደሆነ ማናችንም አልጠራነውም፤ የተከለከለውን ጣቢያም አንድ ጊዜ እንኳ ሳንከፍት ሬዲዮኑን ለእሱ አዘጋጀነው። ከዚያ ሻማ አብርቶ አራቱም ብሎኖች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ሰም አንጠባጠበባቸው። "ይኼ ለወፍጮ ቤት ልጆች ማገጃ ነው" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ጎረቤላ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ዘጠነኛውም ቀን እንዲሁ ሄደ። በአሥረኛው ቀን አባቴ ሞተሩን አስነሳ፤ እትዬ አስካለ ገቡ፤ ሲወጡ ቀኝ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ አንድም ቀን አላጓደሉም። የደምሴ ስም ግን አልተጠራም። ወታደሮች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ የተቀደደ ጫማቸውን እየጎተቱ በአገሩ መንገድ ሁሉ ሲመለሱ እትዬ አስካለ ደጅ ቆመው የሁሉንም ቁመት ያያሉ፤ እኔ ከወፍጮ ቤቱ በር ጀርባ ሆኜ እሳቸውን አያለሁ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። ስሙ ተነብቦ ከሆነስ? በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ከሆነስ? ኋላ ፊዚክስ ያጠናሁት ጎበዝ ስለነበርኩ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አራት ብሎን ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ መኖር አልቻልኩም ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ዓመታት ሲያልፉ እርሙን ያውጡ አላቸው፤ ድንኳን ተጥሎ ይለቀስለት፣ እሳቸውም ይረፉ። እትዬ አስካለ እንቢ አሉ። ሽማግሌ ተላከ፣ እንቢ፤ የንስሐ አባታቸው ተናገሩ፣ እንቢ። ሰዎች ግትር ናቸው አሉ፤ አንዳንዶቹም አእምሯቸው ተነክቷል አሉ። አባቴ ሞቶ ለአርባው ጎረቤላ በሄድኩ ጊዜ፣ ያኔ መምህር ሆኜ ነበር፣ ተዝካሩ ሲያበቃ ወደ እሳቸው ግቢ ዞርኩ። አህያ የሚያስር ሰው ቀርቷል፤ ችካሎቹ ግን ነበሩ። ሬዲዮኑን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸውና ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ግዛው ዕቃው አርጅቶ ነው ሲለኝ ዓይኔን አላየኝም። በዚያ ላይ ከዚህ አገር ብሎን የሚያጠብቅ ከአንቺ በቀር ማን አለ?"

ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ ስለ አህያ እንደሚያወሩት ዓይነት ቀጠሉ።

"ዘጠኝ ቀን ነው። ቆጥሬዋለሁ። የሰማሁትን ቀን ሁሉ ስሙ የለም፤ ሰምቻለሁና አልጠራጠርም። ያልሰማሁት ያንን ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ልጄ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አንቺ ባታጠብቂው ኖሮ እኔ ይኼን ጊዜ እርሙን አውጥቼ ተቀምጬ ነበር። እስካለሁ ድረስ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።"

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ አደራ ተቀብዬ ተመለስኩ። ይህን ያህል ዘመን ለባለቤቴም አልነገርኩም ነበር። ያጠፋሁት ጥፋት እንደሆነ ዛሬም አውቃለሁ፤ ማንም ባይቆጣኝም ከእኔ አይወርድም፤ አንዲት ሴት በእሱ ላይ ሕይወቷን ሙሉ ቆማ መኖሯንም አውቃለሁ፤ ሁለቱን አስታርቄ አላውቅም።

እትዬ አስካለ ባለፈው ዓመት አረፉ። ለልቅሶው ጎረቤላ ወረድኩ። ወፍጮው በኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ግድግዳ አያንቀጠቅጥም፤ አሥራ አንድ ሰዓት እንደ ማንኛውም ሰዓት ያልፋል። ከቀብር መልስ ዘመዶቻቸው ተመካከሩና፣ የሚከለክል ስለሌለ፣ የደምሴንም እርም አብረው ያውጡ ተባለ። አስለቃሿ መጀመሪያ እናቱን አነሳች፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ ያ ሩቅ ጣቢያ ያነብ እንደነበረው፣ ስሙን ጠራች፣ የአባቱን ስም ጠራች፣ የተወለደባትን ጎረቤላን ጠራች። እኔ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሰማሁ።